ከማታው ጠብታ በኋላ

ካዛንቺስ፣ የካቲት 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

በዕድሜሽ ልጄ፣ በሥራሽ ግን ታላቄ ለሆንሽው፤ እርጋታን ከእናትሽ፣ ቃል ማክበርን ከአባትሽ ከአቶ ሱሩር ወርሰሽ በሁለቱም ላይ የራስሽን ትጋት ለጨመርሽው፤ በሰው አገር የአንድ ልጄን አስከሬን ብቻሽን ተረክበሽ፣ ያላደግሽበትን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጠይቀሽና ተምረሽ፣ በእኔና በእናቱ ቦታ ቆመሽ አፈር ላለበስሽው፣ ለተከበርሽው ለወይዘሪት ኢኽላስ ሱሩር፤

ቀደም ብዬ ልጽፍልሽ ይገባኝ የነበረው ምስጋና በልቤ ሲጻፍና ሲሰረዝ ቆይቶ ዛሬ ከይቅርታ ጋር አብሮ ስለ መጣ፣ ሁለቱን ሳትለዪ እንድትቀበዪኝ እለምንሻለሁ። ጤናችንን ለጠየቅሽው፣ እኔ በምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ጎረቤታችን ወርቄም እንደ ወትሮዋ ጠዋትና ማታ እየመጣች ምግባችንን ታሰናዳለች። በአባትሽ በኩል ለላክሽው ለሌላው ጥያቄ ግን ሦስት ጊዜ ብዕር አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጬ፣ ቃሉን ባሳምረው ነገሩ የሚያምር መስሎኝ እንደ ነበረ አፍሬ፣ አሁን በአጭሩ እመልሳለሁ፦ ለእናቱ ለጽገረዳ አልተነገራትም።

ልጃችን ደጉ ናይሮቢ ላይ ካረፈ ሁለት ወር አለፈ፤ እናቱ ግን በዚህች ቤት፣ በዚህች አልጋ ላይ ተኝታ፣ ልጇን ስልክ በማይደርስበት ገጠር ለሥራ የተላከ አድርጋ ታስበዋለች፤ እንዲህ ብላ እንድታስብ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። በኅዳር ልቧ ታሞ ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሟ «ድንገተኛ ነገር አታሰሟት፤ ትንሽ ትጠንክር» ብሎኝ ስለ ነበር፣ መርዶው በመጣ ጊዜ አንድ ሳምንት ልታገሥ አልሁ፤ ሳምንቱም ሌላ ሳምንት እየጠራ እዚህ አደረሰኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ሊጠይቋት ሲመጡ ጥቁር ነጠላቸውን ወርቄ ቤት አኑረው፣ ነጭ ለብሰው ይገባሉ፤ ዓይኗ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የማይለይ መሆኑን እያወቁ እንኳ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ስልክ ለምን አይደውሉም?» ላልሽው፣ ስልኩ ያለው ከራስጌዋ ነው፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ ከብዶ በስልክ ስናገር እጮኻለሁ፤ የእሷ ጆሮ ግን በግቢው በር የሚያልፈውን ሰው በእርምጃው ይለያል። ስለዚህ ደብዳቤሽን በአባትሽ ሱቅ በኩል ላኪልኝ፤ ጋዜጣ ልገዛ የወጣሁ መስዬ እቀበላለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ደጉ በመስከረም ለሥራ ወደ ናይሮቢ ሊሄድ ሲል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር መደርደሪያችን ላይ አስቀምጦ፣ በውስጡ ድምፁን ቀርጾ ትቶልናል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በየአራት ሰዓቱ እስከ ማታው አሥራ ሁለት «እማዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ጠብታሽን» ይላታል፤ እሷም ፊቷን ወደ ጣሪያው ታቀናለች፤ እኔም የዓይን ግፊቷን የሚያበርደውን መድኃኒት አንድ አንድ ጠብታ አደርግላታለሁ። የቀረቻትን ብርሃን የምትጠብቅላት ይህች ጠብታ ናት። ሌሎች ሁለት ደወሎችም አሉ፤ አንዱ ለእኔ የደም ግፊት ክኒን፣ ሁለተኛው ውኃ በሚመጣባቸው ቀናት በርሜሉ እንዲሞላ የሚያስታውስ፤ እነዚህ ግን ያፏጫሉ እንጂ አይናገሩም።

ባለፈው እሑድ የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ደጋጋ በር ላይ አስቁሞኝ «አምኃ፣ እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«ጥቂት ታገሠኝ» አልሁት።

«እኔስ ልታገሥ። ግን አንተው የተማርህ ሰው ንገረኝ፤ በአንድ በኩል እኛ ገብተን ‹ልጅሽ አርፏል› ስንላት፣ በሌላ በኩል እሱ ከመደርደሪያው ላይ ‹እማዬ› ሊላት ነው? ሞቶ የሚጣራ ልጅ ያለበት ቤት እንዴት አድርጌ መርዶ ላስገባ?»

በማግስቱ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀልሁት። ጽገረዳ በአራት ሰዓት ዝም ብላ ጠበቀች፤ እኔ ጠብታውን ይዤ ስቀርብ «ገና አልጠራኝም» ብላ ፊቷን አዞረች፤ በስምንት ሰዓትም እንዲሁ አለች። መሣሪያ መሆኑን አጥታው አይደለም፤ የልጇን ጥሪ መታዘዝ ስለ ለመደች ነው። በመጨረሻ ገመዱን መልሼ ሰካሁት፤ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሥቶ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጠራት።

እንግዲህ አብረሽው የሠራሽ ነሽና፣ ይህ ነገር በውስጡ እንዴት እንደሚኖር፣ ሌሎቹን ሁለቱን ሳልነካ እሱን ብቻ ማቆም ይቻል እንደ ሆነ አስረጂኝ። ላቆመው እንደምችል ግን ገና አላውቅም።

አክባሪሽ አምኃ

·

ናይሮቢ፣ የካቲት 29 ቀን 2003

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሽ አምኃ፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ጽገረዳስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ስላቆየሁዎት ይቅርታ፤ ለእርስዎ መጻፍ ፈተና ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ደጉ «አባዬ የሰላምታ ካርድ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ነው የሚመልሰው» ይለኝ ነበር። እባክዎ የኔን አያርሙት።

ቋንቋው ሉዋ ይባላል። አዲስ አበባ ሳለን፣ ኦሎምፒያ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ በነበረችው ክፍላችን የልጆች ጨዋታ የምንሠራበት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ደጉ በሱ መጀመሪያ አንድ ቅርጽ ጻፈ፤ «ደወል ማለት ምንድን ነው?» የሚለውን የሚመልስ። ስም አለው፣ የሚቆይበት ሰዓት አለው፣ የሚያሰማው ድምፅ አለው፣ ቁም ሲባል ይቆማል፤ በቃ። ከዚያ ከዚሁ ቅርጽ ሦስቱን ቀዳ። ሦስቱም አንድ ዓይነት አካል አላቸው፣ ግን አንዱ የሌላውን አያውቅም። ስለዚህ የጠየቁኝ ይቻላል። የእትዬ ጽገረዳን ደወል ብቻ ቢያቆሙ፣ የክኒንዎም የውኃውም ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

በውስጡ እንዴት እንደሚኖር ላሉኝ፣ እንደምንም ልሞክር። ኮምፒውተሩን አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ቤት ያድርጉት። ያ ሠራተኛ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የጠብታውን ጊዜ ቢጠብቅ፣ ማለቴ ሌላ ምንም ሳይሠራ፣ የውኃው ደወል መቼም አይደርሰውም። ስለዚህ ደጉ እያንዳንዱን ዙር ኮሩቲን በሚባል ነገር ውስጥ አስቀመጠው። ኮሩቲን ማለት ሥራውን እስከ አንድ ቦታ ሠርቶ «እዚህ ደርሻለሁ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ቀስቅሱኝ» ብሎ ተራውን ለሌላው የሚለቅ ነው። ሲቀሰቅሱት ከመጀመሪያው አይነሣም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ይናገራል፣ ተመልሶ ይተኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ የሚነሣው ደግሞ ሆን ተብሎ ነው። «ካዛንቺስ ላይ መብራት የሚጠፋው እኔ ቤት ሳልኖር ነው» እያለ አንድ ቀን ሙሉ የለፋው ለዚያ ነበር። እኔ ስቄበት ነበር።

በአባቴ በኩል ያስጠየቁኝን ሌላውን ነገር፣ ጋሽ አምኃ፣ አልተሠቃየም ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ሆስፒታል ስደርስ አይናገርም ነበር። መኪናው ከመታው አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር። እጁ ሞቃት ነበር። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ሳላውቅ አልጽፍልዎትም።

የሚያቆሙበትን መንገድ ሲወስኑ ይጻፉልኝ፤ እልክልዎታለሁ።

ኢኽላስ

·

ካዛንቺስ፣ መጋቢት 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

እውነትን ሳታለዝቢ፣ ሐዘንተኛንም ሳታቆስዪ መጻፍ ለተሰጠሽ፣ ለተከበርሽው ለወይዘሪት ኢኽላስ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ አላረምሁትም። «እጁ ሞቃት ነበር» የሚለውን መስመር በአባትሽ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ አንብቤ፣ አባትሽ ወንበር አውጥቶልኝ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ፀሐዩን በጋዜጣ ከልሎልኝ ቆየ።

ስለ ኮሩቲን ያስረዳሽኝ እንግዳ የሆነብኝ ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። እኔ አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስኖር፣ አለቃው ሲጠራኝ ጣቴን በደረስሁበት መስመር ላይ አኑሬ፣ በጣቴ ፈንታ እርሳስ ተክቼ እሄድ ነበር፤ ስመለስም ከምዕራፉ ራስ ሳይሆን ከእርሳሱ ሥር እቀጥላለሁ። በልጅነቴም በማኅሌት ላይ የቀኙ ወገን የድርሻውን አድርሶ ዝም ሲል የግራው ሲያነሣ፣ ዝም ያለው ወገን ዜማውን እንዳልረሳ፣ ተራው ሲደርስ ከተወበት እንደሚነሣ አይቻለሁ። ስለዚህ የልጄ ሥራ ከአባቱ ሥራ እጅግ የራቀ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ፤ በሕይወት ሳለ «ይህ ቀኑን ሙሉ ጨዋታ ላይ የሚያፈጥ ልጅ» እያልሁ ለእናቱ ስከስሰው የኖርሁ ሰው፣ ይህን ለማወቅ የአንቺን ደብዳቤ መጠበቅ ነበረብኝ።

ጽገረዳ ስለ ልጇ ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት በአባትሽ በኩል መጠየቅሽ የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን ያሳፍረኛል። ከእሱ የመጣ እያልሁ ደብዳቤ አነብላታለሁ፤ የምጽፈውም ራሴ ነኝ። የመጀመሪያውን በየካቲት መጀመሪያ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ይህ ልጅ እንዲህ ማዞር ከማን ተማረ?» አለችኝ።

«ምን አዞረ?» አልሁ።

«ደህና ነኝ ለማለት ግማሽ ገጽ። የኔ ልጅ ‹እማዬ ሰላም ነኝ፣ ብርድ ነው፣ ቻው› ነበር የሚለው። አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ጨምረህ እንዳታነብ።»

ወርቄ ወጡን አማስላለሁ ብላ ወጣች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭር መጻፍ ተማርሁ፦ ሰላም ነኝ። ብርድ ነው። ጠብታሽን እንዳትረሺ። በሰባ አራት ዓመት ዕድሜዬ ረዥም ነገር ስጽፍ ማንም ሙሉ በሙሉ አምኖኝ አያውቅም፤ እነዚህን ሦስት መስመሮች ግን ጽገረዳ ከትራሷ ሥር አኑራቸዋለች።

ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ መምጣት አለመምጣቱን ትጠይቀኛለች። በዚህ ምክንያት አንድ ሐሳብ መጥቶብኛል፤ ዛሬ ልጽፈው አልደፈርሁም፤ ልቤ ከጠና በሌላ ወረቀት እልክልሻለሁ።

አክባሪሽ አምኃ

·

ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2003

ለማከብርዎ ለጋሽ አምኃ፤

በመጋቢት 29 የጻፉልኝን ሁለት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ተቆጥቼ አይደለም። ልቆጣዎት ሞክሬም አልቻልኩም።

የጠየቁኝ ይቻላል። የደጉ ድምፅ ከኔ ጋር ብዙ ሰዓት አለ፤ የጨዋታዎቻችንን ድምፅ ሁሉ የሚያወጣው እሱ ነበር፤ ንጉሡም እሱ፣ አህያውም እሱ። ከአንዱ ቅጂ «ለፋሲካ» የሚለውን፣ ከሌላው «እመጣለሁ» የሚለውን ቆርጬ ባገጣጥም ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም፤ እትዬ ጽገረዳም መጋጠሚያውን አይሰሙትም።

አላደርገውም፣ ጋሽ አምኃ። «እማዬ፣ ጠብታሽን» ብሏቸዋል፤ በሕይወቱ፣ በራሱ አፍ፣ አስቦላቸው ብሏል። ያ ውሸት አይደለም። «እመጣለሁ» ግን አላለም። እሱ ያላለውን እኔ አላስብለውም። እናቱም ናቸው፣ በር በሩን እያዩ እንዲጠብቁ አላደርጋቸውም። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ቀብሩ ከዚህ በፊት የጠየቁኝን ሳልመልስ የተውኩት ረስቼ አይደለም። ቄሱ «ምኑ ነሽ?» አሉኝ። «የሥራ ባልደረባው» አልኩ። ፀጉሬን የሸፈንኩበትን አዩና «ከሬሳው ጋር ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «እንግዲያው ቅረቢ» ብለው ከፊት አቆሙኝ። አፈሩ ቀይ ነው። ስሙን በአማርኛ ነው ያስጻፍኩት። ጸሐፊው ፊደሉን ስለማያውቅ አበላሽቶት ነበር፤ እርስዎ አንድ ቀን መጥተው ቢያዩትስ ብዬ አስቤ እንደገና አስደገምኩት። አሁን ልክ ነው።

ማቆሚያውን ደግሞ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ደጉ የጻፈው የደወሉ ቅርጽ በሦስት ገጽ ታትሟል፤ ምንም ባይገባዎትም ይኑርዎት፤ የሱ እጅ ነው። ማድረግ ያለብዎት ግን ይህ ብቻ ነው፦ ከማታው የአሥራ ሁለት ሰዓት ጠብታ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የደወሉን ስምና በእንግሊዝኛ «ቁም» የሚለውን አራት ፊደል፣ ልክ በቀይ ባሰመርኩበት መንገድ ይጻፉ፤ ትልቁን ቁልፍ አንዴ ይጫኑ። ከዚያ በኋላ አይናገርም። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከመጣ ግን ራሱን ስለሚጀምር፣ እንደገና ይጻፉት።

መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ። ያን ቀን ሥራ አልገባም።

ኢኽላስ

·

ካዛንቺስ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልትሰጪኝ የሚቻልሽን፣ ሊሰጠኝ ስለማይገባ ለከለከልሽኝ፣ ለተከበርሽው ለወይዘሪት ኢኽላስ፤

በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ስለ እኔ ለማስረዳት የሚሆን ቃል አላገኘሁም። ልክ ነሽ። ፋሲካ ዋለ፤ ጽገረዳ ጠየቀችኝ፤ «አይመጣም» አልኋት፤ «ሥራ ነው?» አለች፤ ዝም አልሁ። በአራት ወር ውስጥ ከእኔ አፍ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ዝምታ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሟ መርምሯት ልቧ መጠንከሩን ነግሮኛል፤ ስለዚህ የምሸሸግበት ነገር አልቀረኝም። ከአቶ ደጋጋ ጋር ተነጋግረን ቅዳሜ ግንቦት 6 ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ መርዶው እንዲነገራት ወስነናል። ሐኪም አብሮን ይሆናል። ዓርብ ማታ ከጠብታው በኋላ ያልሽውን እጽፋለሁ። እጄ እንደማይስት ለማወቅ ፊደሎቹን በወረቀት ላይ ስለማመድ ወርቄ አይታኝ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ ሊጀምሩ ነው?» አለችኝ፤ ወዲያው ለምን እንደ ሆነ ሲገባት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እንዳልሽው ሥራ አትግቢ።

አምኃ

·

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

ከሥጋ ዘመድ ይልቅ ለሬሳው የቀረብሽ፣ ከአባቱ ይልቅ ለቃሉ የታመንሽ፣ በሩቅ ሆነሽ ይህችን ቤት ከእኔ በተሻለ የጠበቅሽ፣ ለእኔም ለጽገረዳም ልጅ ለሆንሽው፣ ለተከበርሽው ለወይዘሪት ኢኽላስ ሱሩር፤

ሁለት ቃል ብቻ ያለበት ወረቀትሽ በሱቁ በኩል ከደረሰኝ ስድስት ቀን ሆነው። «ቆመ ወይ?» ብለሻል። ቆሟል፤ ግን አንቺ እንዳልሽው አልቆመም።

ዓርብ ማታ ጠብታዋን አደረግሁላት፤ ያሰመርሽበትን ጻፍሁ፤ ትልቁን ቁልፍ ተጫንሁ። ሌሊቱን መብራት አልጠፋም። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አቶ ደጋጋ ስድስት ሽማግሌና ሐኪሙን አስከትሎ ገባ፤ ሴቶቹ በግቢው ቆሙ። ጽገረዳ ነቅታ ነበር፤ የጫማውን ብዛት ሰምታ በክርኗ ተነሣች እንጂ ማን እንደ ሆኑ አልጠየቀችም። አቶ ደጋጋ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «ወይዘሮ ጽገረዳ» ብሎ ቀጣዩን ቃል ሊያወጣ ሲል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላና ልጃችን ከመደርደሪያው ላይ «እማዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ጠብታሽን» አለ።

አቶ ደጋጋ ወደ እኔ ዞረ። ጽገረዳ ግን እጇን አንሥታ «ቆዩኝ፤ መጀመሪያ ጠብታዬን» አለች፤ ፊቷንም ወደ ጣሪያው አቀናች። እኔም ቀርቤ በሁለቱም ዓይኗ አደረግሁላት። የዓይን ሐኪሟ እንዳዘዛት የዓይኗን ጥግ በጣቷ ተጭና እስከ ስድሳ ቆጠረች፤ ስድስቱ ሽማግሎች ራሳቸውን ገልጠው ቆጠራዋን ጠበቁ። ስትጨርስ ጣቷን አነሣችና «እሺ፤ አሁን ተናገሩ» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም፤ በየቤቱ የሆነ ነውና ታውቂዋለሽ። ልቧ ቻለ። በአራት ሰዓት፣ በስምንት ሰዓት፣ ማታም ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲህ አልተናገረም። የውኃው ደወል ግን ማክሰኞ እንደ ልማዱ አፏጭቶ፣ ከድንኳኑ ያሉት ሴቶች ተነሥተው በርሜሉን ሞሉ።

ቁም ከተባለ በኋላ ለምን አንድ ጊዜ እንደ ተናገረ ማወቅ ፈልጌ፣ ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት የላክሽልኝን ሦስት ገጽ ዘርግቼ፣ ቋንቋውን ባላውቅም ደጉ ከየመስመሩ ጎን በአማርኛ ባኖረው ማስታወሻ እየተመራሁ፣ እንደ ሥራዬ ጣቴን ከመስመር መስመር እያወረድሁ ሄድሁ። በሁለተኛው ገጽ አገኘሁት። ዙሩ «ቁም ተብያለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከመተኛቱ በፊት ነው፤ ከተኛ በኋላ ቁም ቢሉት፣ ሲነቃ ሳይጠይቅ ይናገራል፤ ተናግሮ ሲመለስ ብቻ ጠይቆ ያቆማል። ሲነቃም ሊጠይቅ ይገባው ነበር። ምሥጢር የለውም፤ ስሕተት ነው፤ ልጁ ችኩል ነበር፤ አንቺም አላየሽበትም። በአርባ ዓመት የአራሚነት ዘመኔ አይቼ ሳላሰምርበት ያለፍሁት ስሕተት ግን ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ገጹን አጥፌ ከመጽሐፌ መካከል አኖርሁት።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። በሦስተኛው ቀን ጽገረዳ «መቼ ነው የሞተው?» አለችኝ። «በታኅሣሥ» አልኋት። በጣቶቿ ወራቱን ቆጠረች።

«እንግዲያው ደብዳቤዎቹ?»

«የእኔ ናቸው።»

«የመጀመሪያው ያንተ እንደ ሆነ ጠርጥሬ ነበር» አለች፤ «አጫጭሮቹን ግን አምኛቸው ነበር።» ከትራሷ ሥር አወጣቻቸውና ሰጠችኝ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ በተሻለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታውን ከእኔ አትቀበልም። «ሰዓቱ ደርሷል» ብላት «ባንተ ቃል በምን አውቃለሁ?» ትለኛለች። ወርቄ ስትለምናት አንዳንድ ቀን አንዴ ትቀበላለች፤ አንዳንድ ቀን ከነጭራሹ እምቢ ትላለች። የዓይን ሐኪሟ በዚህ ከቀጠለች እስከ ክረምቱ ማለቂያ የቀረቻት ብርሃን እንደምትጠፋ በፊቷ ነግሯታል፤ እሷም «ምን ላይባት?» ብላዋለች። የልጇን ድምፅ ልመልስላት ብዬ ብጠይቃት «ዕረፍ በለው፤ ሥራውን ጨርሷል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ያልነገርኋት አንድ ነገር ስለ ቀረ እሱንም ነገርኋት፤ ለፋሲካ ይመጣል የሚል ቃል በልጃችን ድምፅ ቆርጠሽ እንድትሠሪልኝ እንደ ለመንሁሽ፣ አንቺም «እሱ ያላለውን አላስብለውም» ብለሽ እንደ ከለከልሽኝ። ደብዳቤሽን ከራስጌዋ ተቀምጬ፣ ከራሴ ምንም ሳልጨምር፣ ስለ ቄሱና ስለ ቀዩ አፈር፣ ስሙን እንደገና ስለማስጻፍሽም ያለውን ሳላስቀር እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ደግሜ እንዳነብላት አደረገችኝ። ከዚያም «ያቺ ልጅ ትጥራኝ፤ እሷ ብትለኝ አምናለሁ» አለች።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ከአንቺ የምፈልገው ይህ ነው፦ «እማዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ጠብታሽን» የሚለውን በራስሽ ድምፅ ቅረጪና ላኪልን።